ወንበሩና ቤተ ሙከራው

በየዓመቱ፣ በእኛ አቆጣጠር የካቲት ሊያልቅ ሲል፣ ቤጂንግ ቲያንአንመን አደባባይ ዳር ወዳለው ታላቁ የሕዝብ አዳራሽ አምስት ሺህ ያህል ሰዎች ይገባሉ። ሦስት ሺህ የሚጠጉት የብሔራዊ ሕዝባዊ ጉባኤ ተወካዮች ናቸው፤ ከሁለት ሺህ የሚበልጡት ደግሞ የፖለቲካ ምክክር ጉባኤ አባላት። ጄኔራሉ፣ የክፍለ ሀገሩ ገዥ፣ የገጠር አስተማሪው፣ የብሔረሰቧን ልብስ የለበሰችው ገበሬ በአንድ ጣሪያ ሥር ይቀመጣሉ። በመካከላቸው ጋዜጠኞች ዘወትር በዓይናቸው የሚፈልጓቸው ሌሎች ሰዎች አሉ፤ የኩባንያ ባለቤቶችና ሥራ አስኪያጆች።

በ2023 (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታትና ወራት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የአዲሱ የአምስት ዓመት ዘመን የአባላት ዝርዝር ሲወጣ፣ ለአሥር ዓመት የተለመዱ ስሞች ጠፉ። ከኢንተርኔት ኩባንያዎቹ የቴንሰንቱ ማ ሁዋቴንግ የሉም፤ የባይዱው ሮቢን ሊም የሉም። በምትካቸው የቺፕ አምራቾችና የሰው ሠራሽ አስተውሎት ኩባንያዎች ኃላፊዎች ገቡ። የቻይና ባለሀብት ይህን ዝርዝር በጥንቃቄ ያነበዋል። መንግሥት ፊቱንና ገንዘቡን ወዴት እንዳዞረ የሚረዳው ከዚያ ነው።

የኩባንያ መሪ የፖለቲካ ማዕረግ ሲኖረው ለምርምርና ለአዲስ ፈጠራ የሚያወጣው ገንዘብ ይጨምራል ወይስ ይቀንሳል? ጥያቄው ባለፉት ሃያ ዓመታት ብዙ የኢኮኖሚ ተመራማሪዎችን አከራክሯል። የቻይናን ያህል ጉዳዩን አፍታቶ የሚያሳይ አገር ማግኘትም ይከብዳል፤ እዚያ የኩባንያ ወንበርና የመንግሥት ወንበር ብዙ ጊዜ አንዱ በሌላው ላይ የተደረበ ነውና። እኔ እንደማየው የገንዘቡ መብዛትና ማነስ ሁለተኛ ነገር ነው። መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት ማዕረጉ ሰውየውን እስከ መቼ እንዲታገሥ ይፈቅድለታል፣ ሥራውንስ የሚመዝንለት ማን ነው የሚለው ነው። ምርምር ከገንዘብም በፊት ጊዜ ይፈልጋል።

የመንግሥት ኩባንያዎቹን እናስቀድም። በ2003 የተቋቋመው የመንግሥት ሀብት ቁጥጥርና አስተዳደር ኮሚሽን በማዕከላዊ መንግሥት ሥር ያሉትን ግዙፍ ድርጅቶች ተረከበ። ሲጀምር ወደ ሁለት መቶ ይጠጉ ነበር፤ እየተዋሐዱ ዛሬ መቶ ገደማ ቀርተዋል። ነዳጅ፣ ኤሌክትሪክ፣ ቴሌኮም፣ መርከብ ግንባታ፣ የጠፈር ቴክኖሎጂ በእነሱ እጅ ነው። የሃምሳ ያህሉ ዋና ኃላፊዎች የሚሾሙት በቀጥታ በኮሚኒስት ፓርቲው ማዕከል ሲሆን ማዕረጋቸውም የምክትል ሚኒስትር ነው። እንዲህ ያለው ሰው ኩባንያ ይምራ እንጂ ሹም ነው። ከኩባንያ ወደ ኩባንያ፣ ከኩባንያ ወደ ክፍለ ሀገር፣ ሲቀናውም ወደ ቤጂንግ ይዛወራል። የቻይና አሉሚኒየም ኩባንያን የመሩት ጉዎ ሼንግኩን የጓንግሺ የፓርቲ ጸሐፊ፣ በኋላም የሕዝብ ደኅንነት ሚኒስትር ሆነዋል። የጦር መሣሪያ አምራቹን ኖሪንኮን የመሩት ዣንግ ጉዎቺንግ የቾንግቺንግና የቲያንጂን ከንቲባ፣ የሊያዎኒንግ የፓርቲ ጸሐፊ ከሆኑ በኋላ በ2023 ምክትል ጠቅላይ ሚኒስትር ሆነው ተሾሙ። የነዳጅ ኩባንያው የሲኖፔክ ሊቀ መንበር ሱ ሹሊን በ2011 የፉጂያን ገዥ ሆኑ፤ የእሳቸው መጨረሻ ግን በ2017 የተፈረደባቸው የአሥራ ስድስት ዓመት እስራት ነው።

ይህ ሹም ጠዋት ቢሮው ሲገባ ምን ያስባል? ደመወዙ ከ2015ቱ ማሻሻያ ወዲህ ገደብ ተበጅቶለታል፤ በግል ኩባንያ ያለ እኩያው ከሚያገኘው ጋር አይወዳደርም። ኩባንያው የእሱ አይደለም፤ ለልጆቹም አያወርሰውም። ተስፋው ቀጣዩ ወንበር ነው። ኮሚሽኑ በየዓመቱና በየሦስት ዓመቱ የሥራ ዘመን ውጤቱን ይመዝናል፤ ከ‹ኤ› እስከ ‹ዲ› ደረጃ ይሰጠዋል። የምርምር ወጪ ከዛሬው ትርፍ ላይ ይቀነሳል፤ ፍሬው ግን፣ ያውም ካፈራ፣ ከሰባትና ከአሥር ዓመት በኋላ ነው። ያኔ ሰውየው ወይ ገዥ ሆኗል ወይ ጡረታ ወጥቷል፤ ሪባኑን የሚቆርጠው ተተኪው ነው። ፋብሪካ ማስፋት፣ ሌላ ኩባንያ መግዛት፣ ሽያጭ ማሳደግ በሦስት ዓመት ውስጥ ለዓይን ይታያል። ያልተሳካ ሙከራ ግን ለሚቀጥለው ሙከራ የቱን ያህል መንገድ ቢጠርግ የሚጻፍበት ቦታ የለም።

ቤጂንግ ይህን ታውቀዋለች። ከ2010 ጀምሮ ኮሚሽኑ የማዕከላዊ ድርጅቶችን ኃላፊዎች፣ ከትርፋቸው ላይ የካፒታሉ ዋጋ ተቀንሶ በሚቀረው ‹የኢኮኖሚ ተጨማሪ እሴት› ጭምር መመዘን ጀመረ። በዚህ ስሌት ለምርምር የወጣ ገንዘብ ተመልሶ ትርፉ ላይ ይደመራል። ሥራ አስኪያጁ መቶ ሚሊዮን ዩዋን ለምርምር ቢያወጣ፣ ቢያንስ በዚህ መለኪያ ነጥቡ አይነካበትም። ለሒሳብ ባለሙያ ትንሽ ማስተካከያ ናት፤ ነገር ግን ‹ፈጠራን እናበረታታ› ከሚል የመቶ ስብሰባ ንግግር ይልቅ ትሠራለች፤ ሹሙ ለራሱ ሲል ምርምሩን እንዳይጎዳ ታደርጋለችና። በ2023 ደግሞ ‹አንድ ትርፍ፣ አምስት ምጣኔ› በተባለው አዲስ መመዘኛ፣ ኩባንያው ከገቢው ስንት በመቶውን ለምርምር እንዳዋለ ራሱን የቻለ መለኪያ ሆኖ ተካቷል። ይህኛው ያሳስበኛል። የ2010ሩ ስሌት ምርምር እንዳያስቀጣ አደረገ፤ የ2023ቱ ግን ‹ምርምር› የሚል ስም የተሰጠውን ወጪ ሁሉ አሸላሚ ሊያደርገው ይችላል። ስም መስጠት ምን ያህል ቀላል እንደሆነ ወደ ታች እናያለን።

የሹመት ዘመን ከምርምር ዘመን የቱን ያህል እንደሚያጥር ለማየት የመንገደኛ አውሮፕላን አምራቹን ኮማክን ማየት ይበቃል። ኩባንያው በሜይ 2008 ሻንጋይ ላይ ሲመሠረት የመጀመሪያው ሊቀ መንበር ከጠፈር ኢንዱስትሪው የመጡት ዣንግ ቺንግዌይ ነበሩ። በ2011 የኸቤይ ክፍለ ሀገር ገዥ ሆነው ሄዱ፤ ኋላም የሄይሎንግጂያንግና የሁናን የፓርቲ ጸሐፊ ሆኑ። የተኳቸው ጂን ዡዋንግሎንግም ከኩባንያው ወጥተው በ2022 የኢንዱስትሪ ሚኒስትር ለመሆን በቁ። ሲ919 የተባለው አውሮፕላን ለመጀመሪያ ጊዜ ከምድር የተነሣው በሜይ 2017፣ ትኬት ገዝተው የገቡ መንገደኞችን ያሳፈረው በሜይ 2023 ነው። አሥራ አምስት ዓመት ወሰደ። መሥራቹ ሊቀ መንበር ከዚያ ውስጥ ወንበሩ ላይ የቆዩት ሦስቱን ያህል ብቻ ነው።

ታዲያ አውሮፕላኑ እንዴት ዳር ደረሰ? ፕሮጀክቱ የሊቀ መንበሩ ስላልነበረ ነው። በ2006 በወጣው የሳይንስና ቴክኖሎጂ የረጅም ጊዜ ዕቅድ ከተካተቱት 16 ታላላቅ ብሔራዊ ፕሮጀክቶች አንዱ ነበርና ባለቤቱ መንግሥት ራሱ ነው። ማንም መጣ ማንም ሄደ በጀቱ አይቋረጥም። እኔን የሚያሰጋኝ ብሔራዊ ስም ያልተሰጠው መካከለኛ ምርምር ነው፤ የአንድ ብረት ቅይጥ፣ የአንድ ተርባይን ክንፍ፣ የአንድ ዲዛይን ሶፍትዌር። ሲ919 ራሱ እስካሁን የሚበርረው የአሜሪካና የፈረንሳይ ኩባንያዎች በጋራ በሚሠሩት ሞተር ነው። እንዲህ ያለው በየክፍሉ የሚጠራቀም፣ ስሙ ዜና ላይ የማይነሣ እውቀት ጠበቃው የድርጅቱ አለቃ ብቻ ነው፤ አለቃው ደግሞ ልቡ ቀጣዩ ሹመት ላይ ነው።

ዕድሜም የራሱ ሥራ አለው። ቻይናውያን ‹የሃምሳ ዘጠኝ ዓመት ክስተት› የሚሉት ነገር አለ። አብዛኛው ሹም በስድሳ ዓመቱ ጡረታ ይወጣ ነበር፤ ሃምሳ ዘጠኝ ሲሞላውና ከዚህ በላይ ከፍ እንደማይል ሲገባው እጁ ይረዝም ነበር። ‹ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል› በሚል ተረት ያደግን ሰዎች ይህን ለመረዳት አንቸገርም። ለዚህ ክስተት ምሳሌ ተደርገው ሁሌም የሚጠቀሱት ቹ ሺጂያን ናቸው፤ በዩናን አንድን ተራ የሲጋራ ፋብሪካ የአገሪቱ ቀዳሚ አድርገው፣ የሚሰናበቱበት ጊዜ ሲቃረብ በሙስና ተከሰው በ1999 ዕድሜ ልክ ተፈረደባቸው። ሙስናውን ወደ ጎን ብንተወው እንኳ ለምርምር የሚተርፈው መዘዝ አንድ ነው። የመሾም ተስፋ ያለው ሰው ቶሎ ወደሚታየው ነገር ይሮጣል፤ ተስፋው ያለቀበት ደግሞ ለማያየው ፍሬ የሚደክምበት ምክንያት አያገኝም።

የኛውን ሜቴክ ሳላነሣ ማለፍ አልችልም። የብረታ ብረትና ኢንጂነሪንግ ኮርፖሬሽን በ2010 ሲቋቋም በጦር መኮንኖች የሚመራ፣ አገሪቱ ማሽኗን በራሷ እጅ እንድትሠራ ያደርጋታል የተባለ ድርጅት ነበር። ከትራክተር መገጣጠም እስከ ስኳር ፋብሪካ ግንባታ፣ እስከ ታላቁ የሕዳሴ ግድብ የኤሌክትሮ መካኒካል ሥራ ድረስ ተሰጠው። የመሪዎቹ ማዕረግ ትልልቅ ሥራዎችን አመጣ፤ ሥራዎቹ የሚጠይቁትን በዓመታት ሙከራና ስሕተት የሚገኝ እውቀት ግን ማዕረግ ሊያመጣ አልቻለም። በኦገስት 2018 መንግሥት የግድቡን ውል ነጠቀው። ትላልቆቹ የልማት ድርጅቶቻችን ዛሬ በኢትዮጵያ ኢንቨስትመንት ሆልዲንግስ ሥር እየተሰበሰቡ ነው፤ የቦርድ ወንበሮቻቸውን የሚይዙት አሁንም በብዛት ከፍተኛ የመንግሥት ባለሥልጣናት ናቸው። እነዚህ ሰዎች ስለ ዓመቱ ትርፍና ገቢ እንደሚጠየቁ አያጠራጥርም። ከሥራ ዘመናቸው በኋላ ስለሚደርስ ምርምር የሚጠይቃቸው ማን እንደሆነ ግን ከአሁኑ ሊታሰብበት ይገባል።

የግሉ ባለሀብት ታሪክ ሌላ ነው። እሱ ኩባንያውን ለልጁ ማውረስ ይችላል፤ የአሥር ዓመት ምርምር ቢሳካ ተጠቃሚው ራሱ ነው። የጎደለው ዋስትና ነው። በቻይና እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ የግል ሀብት ፓርቲው ፊቱን የሚያጠቁርበት ነገር ነበር። የወቅቱ የፓርቲው መሪ ጂያንግ ዜሚን በጁላይ 1 ቀን 2001፣ ፓርቲው ሰማንያኛ ዓመቱን ሲያከብር ባደረጉት ንግግር የግል ባለሀብቶች አባል መሆን እንዲችሉ በሩን ከፈቱ፤ በማግሥቱ ዓመት 16ኛው የፓርቲው ጉባኤ አጸደቀው። ከዚያ ወዲህ ለጉባኤ ወንበር የሚደረገው ደጅ ጥናት በየከተማው ተጧጧፈ።

ወንበሩ ደመወዝ የለውም፤ የሚያስገኘው ብዙ ነው። የብሔራዊው ጉባኤ ተወካይ ያለ ጉባኤው አመራር ወይም ያለ ቋሚ ኮሚቴው ፈቃድ አይታሰርም። በየደረጃው ባሉ ምክር ቤቶች የተቀመጠ ባለፋብሪካም ቢሆን የግብር ሰብሳቢው፣ የመሬት ቢሮው፣ የእሳት አደጋ ተቆጣጣሪው ሲመጣበት ስልክ የሚደውልለት ሰው አለው። ሆው ዩዌ የተባሉ የፖለቲካ ሳይንስ ተመራማሪ በ2019 ባሳተሙት መጽሐፍ ያሳዩት ይህንኑ ነው፤ ባለሀብቶቹ ምክር ቤት የሚገቡት ከሁሉ በላይ ከአካባቢ ሹማምንት ዝርፊያ ለመከለል ነው። በ2008 የታተመ ሌላ ጥናት ደግሞ የፓርቲ አባል የሆኑ ባለንብረቶች ከመንግሥት ባንኮች ብድር የማግኘት ዕድላቸው የተሻለ መሆኑን፣ ይህም ጥቅም ገበያውና ሕጉ ደካማ በሆኑባቸው ክፍላተ ሀገር እንደሚጎላ አሳየ። ሮሪ ትሩክስ በ2014 ባወጡት ጥናት፣ መሪያቸው የብሔራዊው ጉባኤ ተወካይ የሆኑ ኩባንያዎች የአክሲዮን ትርፋማነት በዓመት 1.5 በመቶ ነጥብ ያህል፣ የሥራ ትርፋቸው ደግሞ ከ3 እስከ 4 በመቶ ነጥብ ከፍ ማለቱን ለክተዋል።

ከዚህ በመነሣት ወንበር ያለው ባለሀብት ለምርምር ቢደፍር አያስገርምም። ብድር አለው፤ ድጎማ ይደርሰዋል፤ ነገ ፋብሪካው በሹም ትእዛዝ እንደማይዘጋ ያምናል። ዋስትናው ትዕግሥት ይሰጠዋል። በአንዳንድ ጥናቶች ወንበርና የምርምር ወጪ አብረው ሲጨምሩ የሚታዩበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው፤ እኔም አምነዋለሁ።

ግን ያው ወንበር በተቃራኒውም ይሠራል። በውድድር ሊያገኝ የሚገባውን ትርፍ በትውውቅ የሚያገኝ ሰው ምርቱን ለማሻሻል የሚቸኩልበት ነገር የለም። መሬት በርካሽ ካገኘ፣ ጨረታ ካልከበደው፣ ተፎካካሪው ፈቃድ ከተከለከለ፣ ቤተ ሙከራ ለምኑ ነው? በዚህ ረገድ ከሁሉ ያሳመነኝ ጥናት የተሠራው ከቻይና ውጭ በጣሊያን ነው። ዑፉክ አክጂጊትና ባልደረቦቻቸው በ2023 ባሳተሙት ሰፊ ሥራ፣ በየገበያው ቀዳሚ የሆኑት ድርጅቶች ፖለቲከኞችን በመቅጠር ከተፎካካሪዎቻቸው እጅግ እንደሚበልጡ፣ በአዲስ ፈጠራ ግን ከእነሱ እንደሚያንሱ አረጋግጠዋል። ኩባንያው ወደ ላይ በወጣ ቁጥር ለፖለቲካ የሚያውለው አቅም ያድጋል፤ ለፈጠራ የሚያውለው ይቀንሳል። ለቻይናም ቀደም ብሎ በ2007 የታተመ ጥናት አለ። አክሲዮናቸውን ለሕዝብ ካቀረቡ 790 ያህል ኩባንያዎች ውስጥ 27 በመቶው በቀድሞ ወይም በወቅቱ የመንግሥት ሹማምንት ይመሩ ነበር፤ በሦስት ዓመት ውስጥ የአክሲዮናቸው ውጤት ከሌሎቹ በ18 በመቶ ገደማ አንሶ ተገኘ።

አሁን ወደ ስም አሰጣጡ እንመለስ። በቻይና ‹የከፍተኛ ቴክኖሎጂ ኩባንያ› የሚል ማረጋገጫ ያገኘ ድርጅት የትርፍ ግብሩ ከ25 ወደ 15 በመቶ ይወርድለታል። ማረጋገጫውን ለማግኘት የገቢውን የተወሰነ ድርሻ ለምርምር ማዋል አለበት፤ ለምሳሌ ዓመታዊ ገቢው ከ200 ሚሊዮን ዩዋን በላይ የሆነ ቢያንስ 3 በመቶ። በ2021 አሜሪካን ኢኮኖሚክ ሪቪው ላይ የወጣ ጥናት የኩባንያዎቹን መዝገብ ሲፈትሽ፣ ብዙዎች በትክክል መስፈርቱ ላይ ተሰልፈው ተገኙ። ተጨመረ ከተባለው የምርምር ወጪ ሩብ ያህሉም የቢሮ አስተዳደር ወጪ ስሙ ተለውጦ የገባ ነበር። በፓተንቱም በኩል ተመሳሳይ ነገር ታይቷል። የቻይና ሕግ ሦስት ዓይነት ፓተንት ይሰጣል፤ ‹ግኝት› የሚባለው ብቻ በጥልቀት ይመረመራል። በ2016 የቻይና ተመራማሪዎች ባሳተሙት ሥራ፣ የመንግሥትን የኢንዱስትሪ ድጋፍ ፈልገው ፓተንት ያበዙ ኩባንያዎች ያበዙት በአብዛኛው ምርመራ የማይጠይቁትን እንደሆነ ታየ። የአገሪቱ የአእምሯዊ ንብረት መሥሪያ ቤትም በ2021 ለፓተንት የሚሰጥ የገንዘብ ድጎማ ሁሉ እስከ 2025 እንዲቀር ወሰነ። ወንበር ያለው ባለሀብት በዚህ ጨዋታ ከሌላው የሚቀድመው ግልጽ ነው፤ መስፈርቱን የሚያወጡትንም የሚመረምሩትንም ያውቃቸዋል።

የዚህ ዓይነቱ ወጪ ጫፍ የወጣ ምሳሌ ኤቨርግራንድ ነው። ባለቤቱ ሹ ጂያዪን የምክክር ጉባኤው ቋሚ ኮሚቴ አባል እስከ መሆን ደርሰዋል። በቤት ግንባታና በብድር የከበሩት እኚህ ሰው፣ መንግሥት ኤሌክትሪክ መኪናን የነገ ኢንዱስትሪ ባለበት ሰዓት የዓለም ትልቁ የኤሌክትሪክ መኪና ኩባንያ እንሆናለን ብለው ተነሡ። ከየአገሩ ባለሙያ አሰባሰቡ፤ ብዙ ቢሊዮን ዩዋን ፈሰሰ። በኤፕሪል 2021 የመኪና ድርጅታቸው የገበያ ዋጋ 87 ቢሊዮን ዶላር ሲደርስ ገና አንድ መኪና እንኳ አልሸጠም ነበር። በዚያው ዓመት እናት ኩባንያው ዕዳውን መክፈል አቃተው፤ በጃንዩዋሪ 2024 የሆንግ ኮንግ ፍርድ ቤት እንዲፈርስ ወሰነ። ሒሳቡን ያነበበ ሰው የምርምር ወጪ ያገኝበታል። ያ ገንዘብ ግን የወጣው ለማን ዓይን ነበር? መኪና ለሚገዛው ሰው ነበር ለማለት ይከብደኛል። ዋነኛው ተመልካች መሬትና ብድር የሚሰጠው ሹም እንደነበረ ነው የሚታየኝ።

ሁዋዌን ከዚህ አጠገብ ማቆም ያስፈልጋል። መሥራቹ ሬን ዠንግፌይ የፓርቲ አባል ናቸው፤ በ1982 ገና በሠራዊቱ ውስጥ ሳሉ በ12ኛው የፓርቲ ጉባኤ ተሳትፈዋል። ኩባንያቸውም ያለ መንግሥት ድጋፍ አላደገም፤ በ2004 የቻይና ልማት ባንክ ለውጭ ደንበኞቹ የ10 ቢሊዮን ዶላር የብድር መስመር ከፍቶለታል። የእኛው ኢትዮ ቴሌኮም በ2013 ከሁዋዌና ከዜድቲኢ ጋር የተዋዋለው የ1.6 ቢሊዮን ዶላር የማስፋፊያ ሥራም በእንዲህ ያለ የአቅራቢ ብድር የተሠራ ነው። ልዩነቱ ያለው በውስጥ ሕጉ ላይ ነው። ሁዋዌ በ1998 ባጸደቀው ‹መሠረታዊ ሕግ› በየዓመቱ ከሽያጩ ቢያንስ 10 በመቶውን ለምርምር ለማዋል ራሱን አሰረ። የአሜሪካ ማዕቀብ ገቢውን ሲቀንሰው እንኳ ወጪውን አልቀነሰም፤ በ2022 161.5 ቢሊዮን ዩዋን፣ የገቢውን ሩብ አወጣ፤ በ2024 ደግሞ 179.7 ቢሊዮን። አክሲዮኑ በሠራተኞቹ እጅ ነው፤ ገበያ ላይ አይሸጥም፤ የሩብ ዓመት ትርፍ የሚጠይቀው ደላላ የለም፤ መሪውም ወደ ሌላ ሹመት አይሄዱም። የመኪና አምራቹ ቢዋይዲም እንዲሁ። ዋንግ ቹዋንፉ በ1995 በባትሪ የጀመሩትን ኩባንያ ዛሬም ራሳቸው ይመሩታል። በ2024 ለምርምር ያወጣው 54.2 ቢሊዮን ዩዋን ከተጣራ ትርፉ በልጧል። የዚያ ገንዘብ ውጤት ነዳጅ መኪና ማስገባት በተከለከለባት አገራችን፣ በአዲስ አበባ ጎዳናዎች ላይ በየቀኑ ሲያልፍ እናየዋለን። ድጎማው ለቢዋይዲም ደርሶታል፤ ነገር ግን ድጎማውን የተቀበለው ሰው ሃያ ዓመት የሚጠብቅ ሰው ነበር።

የፓርቲ መታወቂያ ብቻውን ዋስትና እንደማይሆን ደግሞ ማ ዩን፣ ዓለም ጃክ ማ የሚላቸው፣ አሳይተውናል። የአሊባባው መሥራች የፓርቲ አባል መሆናቸውን በ2018 የነገረን የፓርቲው ጋዜጣ ራሱ ነው። በኦክቶበር 24 ቀን 2020 ሻንጋይ ላይ የባንክ ተቆጣጣሪዎችን ተቹ፤ በኖቬምበር 3 ቀን፣ አክሲዮኑ ለገበያ ሊቀርብ ሁለት ቀን ሲቀረው፣ አንት የተባለው ኩባንያቸው የአክሲዮን ሽያጭ ታገደ። ከ34 ቢሊዮን ዶላር በላይ የሚሰበሰብበት የዓለም ትልቁ የአክሲዮን ሽያጭ ይሆን ነበር። በኤፕሪል 2021 አሊባባ 18.2 ቢሊዮን ዩዋን ተቀጣ። ቅጣቱ ተገቢ ነበር አልነበረም የሚለው ሌላ ክርክር ነው፤ ኩባንያው ገበያውን አላግባብ ተጫውቶበታል የሚሉት ሰዎች ምክንያት አላቸው። ለምርምር የሚቆጨኝ ፍጥነቱ ነው። በአሥር ቀን ውስጥ እንዲህ ሊገለባበጥ በሚችል ሜዳ ላይ የአሥር ዓመት ዕቅድ የሚያወጣ ሰው ልቡ የቱን ያህል ሊጠና ይችላል?

ቤጂንግ ያን ድንጋጤ ለማርገብ ስትጥር ቆይታለች። በፌብሩዋሪ 17 ቀን 2025 ሺ ጂንፒንግ ሬን ዠንግፌይን፣ ዋንግ ቹዋንፉን፣ የሻኦሚውን ሌይ ጁንን፣ የዲፕሲኩን ወጣት መሥራች ሊያንግ ዌንፌንግን ጠርተው ሰበሰቡ፤ ማ ዩንም ከፊት ረድፍ ተቀምጠው ታዩ። በሜይ 20 ቀን ደግሞ የግሉን ኢኮኖሚ ማበረታቻ ሕግ ሥራ ላይ ዋለ። ሕጉ የግል ኩባንያዎች በታላላቅ ብሔራዊ የቴክኖሎጂ ፕሮጀክቶች እንዲሳተፉ ይፈቅዳል፤ ሹማምንት የንግድ ክርክርን ወደ ወንጀል ለውጠው እንዳይገቡበት፣ ከአንድ ክፍለ ሀገር የተነሣ ፖሊስ በሌላው ክፍለ ሀገር የባለሀብት ሒሳብ እያገደ እንዳይሄድ ይከለክላል። ይህ የመጨረሻው ልማድ በጣም ከመብዛቱ የተነሣ ቻይናውያን ‹የሩቅ ባሕር ዓሣ ማጥመድ› የሚል ስም አውጥተውለታል፤ በጀት ያጠረበት ከተማ ሌላ ከተማ ሄዶ ኩባንያ ያጠምዳል።

በዚህ ሕግ ላይ ተስፋ አለኝ፤ ግን ተስፋዬን ያሰርኩት በስብሰባው አዳራሽ ላይ አይደለም። ወደ አዳራሹ የተጠሩት ሰዎች ቀድሞም ስልካቸው የሚነሣላቸው ናቸው። ቻይና በ2024 ለምርምርና ልማት ካወጣችው 3.6 ትሪሊዮን ዩዋን ውስጥ ከሦስት አራተኛ በላይ የሚሆነው በኩባንያዎች በኩል የወጣ ነው፤ ከእነዚህ ኩባንያዎች እጅግ የሚበዙት የትኛውም ጉባኤ ላይ ወንበር የላቸውም። የቅይጥ ብረት የሚሠራ የሃምሳ ሠራተኛ ኩባንያ ባለቤት፣ ሒሳቡን ያገደበትን የሌላ ክፍለ ሀገር ፖሊስ ከሶ የሚረታበት ፍርድ ቤት ካገኘ፣ ዛሬ ለከተማው ምክር ቤት ወንበር ደጅ ሲጠና የሚያጠፋውን ዓመትና ገንዘብ ለአዲስ ምድጃና ለሁለት ተጨማሪ መሐንዲሶች ያውለዋል።